አጣዬ ላይ ውረዱና ቁርስ ብሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ መስመር የጭነት ሾፌር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በዚህ መንገድ 19 ዓመት ተመላልሻለሁ። ወደ ደሴ ዱቄትና ሲሚንቶ አደርሳለሁ፣ ስመለስ ማሾ ወይም ሽንኩርት ካገኘሁ እጭናለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ አንዲት ቁርስ ቤት ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፋችኋል። ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳችኋል፤ እዚያ ጃኬት ይወልቃል። ያ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ በቀስታ ነው የሚወረደው። በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሰው ፍሬኑ ይግልበታል፣ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። ስለዚህ ሾፌር ቆላ ሲገባ መቆም አለበት። ጎማውን ያያል፣ ፍሬኑን ያቀዘቅዛል፣ ወገቡን ያሳርፋል።

ድሮ የእኛ ማረፊያ አጣዬ ነበረች። ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ደግሞ 400 ነው። ጠዋት በጊዜ የወጣ ሰው ሆዱ የሚጮኸው እዚያ አካባቢ ሲደርስ ነው። እኔ የምበላው እቴቴ ቤት ነበር። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። ደጃፋቸው ላይ መኪና ማቆሚያ ይጠፋ ነበር።

በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አጣዬ ምን እንደደረሰባት አገር ያውቃል። ከተማዋ ተቃጠለች። በ2014 ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ መጣና የተረፈውንም አወደመው። ስለ ጥፋተኛው ለመጻፍ አይደለም የተነሳሁት። ስለ ቁርሱ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አልቆምም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አጣዬን በመስኮት ነው ያየኋት። አሠሪዬ «እዚያ እንዳትቆም» ብሎኛል። ረዳቴ ፈሪ ልጅ አይደለም፣ ከተማዋ ስትቃረብ ግን ወሬውን ያቆማል። የአውቶብስ ሾፌር ጓደኞቼም ተሳፋሪው «ንዳው፣ ንዳው» እያለ አላስቆም አለን ይላሉ። ፈርቶ ባለፈ ሰው አልፈርድም። በፍርሃት ጀምረን በልማድ መቀጠላችን ግን ልክ አይደለም። እኔ በሁለተኛው ዓመት ፍርሃቱ ለቆኝ ነበር። ሳልቆም ማለፉ ግን እንዲሁ ቀጠለ።

ያስቆመኝ ጎማ ነው። የኋላ ጎማዬ ከተማዋ መሃል ተነፈሰ። ጎሚስታው መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ «ጠብቅ» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ እቴቴ ማዶ ቆመዋል።

«እቴቴ፣ እንደምን ከረሙ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፋህ፣ ልጄ።»

ሌላ ነገር አላሉኝም። «እጅህን ታጠብና ግባ» ብለው ወደ ጓዳ ሄዱ። ውሃው ቧንቧ ከተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ነው የሚቀዳው። ስታጠብ ብዙ ቆየሁ፤ ፊታቸውን ለማየት አፍሬ ነበር።

የቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከተቃጠለው ቤት ጣሪያ የወረደ ነው፤ በመዶሻ እየደበደቡ አቃንተውታል። እሳት የነካው ቆርቆሮ ዚንኩ ስለሚለቅ አንድ ክረምት ሲያልፍበት ዝጎ ቀይ ይሆናል። የድሮው ምስማር ቀዳዳም እንዳለ ነው። የጠዋት ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ትገባና ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ክብ ብርሃን ትጥላለች። ፍርፍሩ ሲቀርብልኝ ሳህኑ ላይ አራት ነጥብ ነበር። አንዱን በእንጀራ ሸፈንኩት። እንጀራው ላይ ወጣ።

ጓዳው በር ላይ የእንጨት ሙቀጫ ተቀምጧል። አንድ ጎኑ ከስሏል። ከዕቃቸው ሁሉ እሳት ጨርሶ ያልበላው እሱን ብቻ ነው። ዘነዘናው ተቃጥሎ ሌላ አስጠርበዋል። እቴቴ ሙቀጫውን በደህናው በኩል ዘንበል አድርገው ቡናውን ይወቅጡበታል። «ከሰሉ ቡና ውስጥ አይገባም ወይ?» አልኳቸው። በእጃቸው ዳሰስ አድርገው አሳዩኝ። በየቀኑ ሲነካ ሲታጠብ የከሰለው ጎን ልስልስ ብሏል፤ እጃቸውን አላጠቆረም።

እቴቴ ከቃጠሎው በኋላ ሲመለሱ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የጀመሩት ዕድር ባዋሳቸው ድንኳን ሥር ነው። ድስቱም አግዳሚውም የዕድር ነበር። ከዚያ ዕቁብ ገቡ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለእሳቸው ይሁን ተባለ። ማጀቴ የተወለዱት እናታቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነግረዋቸዋል። በ1953 ግንቦት የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷት፣ እዚሁ መስመር ላይ ያለችውን ካራቆሬንም ጎድቷት ነበር። «እናቴ ቤቷ ሲወድቅ ወደ ካራቆሬ ወረደች፤ ለመንገድ ሠራተኞች ጠላ እየሸጠች ነው እኛን ያሳደገችን» አሉኝ። ቡናውን እየቀዱ፣ እንደ ተራ ነገር ነው ያወሩኝ።

ሂሳብ ስከፍል 200 ብር ጨመርኩላቸው። መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። «በመልስህ ና ብላበት» አሉኝ።

ጎማው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ቆጠርኩ። አውቶብስና ቅጥቅጥ አንድ ላይ 11 አለፈ። የቆሙት ሁለት ናቸው፤ አንዱም የቆመው ሕፃን ልጅ አስመልሶት ነው። ተሳፋሪው ከመቀመጫው አልተነሳም። ፓፓያ በሳፋ የያዘች ልጅ ወደ መስኮቱ ሮጣ ሄደች፣ መኪናው ተነሳ፣ እሷም ተመለሰች። በዚያን ቀን ጠዋት ስድስት ጊዜ ስትሮጥ አይቻታለሁ።

አንድ አውቶብስ ለግማሽ ሰዓት ቢቆም ከቁርሱ የሚበላው ተሳፋሪ ብቻ አይደለም። ለእቴቴ እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ጎረቤት አለች። ከሰል የሚያመጣ ልጅ አለ። መስታወት የሚጠርግ፣ ጎማ የሚጠግን፣ ያቺ ባለ ፓፓያ አሉ። ሽንኩርቱ የሚገዛው ደግሞ እሑድ ከሰንበቴ ገበያ ነው። ሰንበቴ ላይ ኦሮሞውም፣ አፋሩም፣ አርጎባውም፣ አማራውም ይገናኛል። እቴቴ ከዱሮ ደንበኛቸው እንደገና መግዛት የጀመሩ ቀን ሁለቱም ዋጋ ሳይጠያየቁ ብዙ እንደቆዩ ነግረውኛል። የቤት ሰው ጤና ሲጠያየቁ ነው የቆዩት። ቁርስ በሊታ ሲኖር ነው እሳቸው ሽንኩርት የሚገዙት።

መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን ቁሙ አልልም። እኔም ኬላ ላይ ጠይቄ ነው የማልፈው። መንገዱ በሚከፈትበት፣ መኪና እንደ ልብ በሚመላለስበት ቀን ግን ቁሙ። የአውቶብስ ባለቤቶች፣ ለሾፌሮቻችሁ የቁርስ ማረፊያ ስትነግሩ አጣዬን ጨምሩ። ተሳፋሪዎችም «ንዳው» ከማለታችሁ በፊት ወደ ውጭ አንዴ ተመልከቱ።

ፎቶ ለማንሳት ብቻ ግን አትቁሙ፤ እለምናችኋለሁ። እኔ ቁጭ ብዬ እያለሁ አንድ ወጣት ከቤት መኪና ወርዶ ያንን ቀይ ቆርቆሮ በስልኩ ቀረጸ። ሻይ አላዘዘም፣ ደህና ዋሉ አላለም፣ ገብቶ ሄደ። እቴቴ ስኒ እያጠቡ ነበር። «ቤቴን አይቶ እኔን ሳያየኝ ሄደ» አሉ።

ለከተማው አስተዳደርም አንድ ልመና አለኝ። ውሃ ያለው የሕዝብ ሽንት ቤት፣ ለከባድ መኪና የሚሆን ጠጠር የፈሰሰበት ማቆሚያ ይሠራልን። እቴቴ ከጓሮ ያስቆፈሩት ሽንት ቤት ለራሳቸው ደንበኛ ይሆናል እንጂ ለአንድ አውቶብስ ሰው አይበቃም። እኛ ወንዶች የትም እንቆማለን። ሴት ተሳፋሪ ግን ከደብረ ብርሃን ጀምራ ሽንቷን ይዛ ኮምቦልቻ የምትደርስበት ቀን አለ። ይህን ከባለቤቴ አፍ ነው የሰማሁት። ለለቅሶ ደሴ በሄደች ጊዜ ደርሶባታል፤ ተመልሳም ታማለች። ንጹሕ ሽንት ቤት ያለበት ከተማ ላይ ሾፌሩ ባይፈልግ እንኳ ተሳፋሪው ያስቆመዋል።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አልፌ አራቱንም ጊዜ ቆሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት የጭነት መኪና ጓደኞቼን አስከትዬ ነበር። እቴቴ የዕድሩን አግዳሚ መልሰው የራሳቸውን አሠርተዋል። ቀጥለው የሚፈልጉት ሁለተኛ ምጣድ ነው።

ከሸዋሮቢት በኩል ስትመጡ ሰንበቴን አልፋችሁ አጣዬ ግቡ። ደጃፉ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተሰቅሏል። ቡናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይፈላል። ፍርፍሩ በርበሬ ይበዛበታል፤ ለልጆች ከሆነ አልጫ አድርጉልን በሏቸው፣ ያደርጋሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ መስመር ሾፌር
ደብረ ብርሃን