ጤነኛ ውሻ እንዲገደል ስትጠይቁን ለምን ወረቀት እናስፈርማለን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለ አንድ ወረቀት እየጠየቃችሁን ነው። ጤነኛ ውሻ ወይም ድመት ይዞ «መርፌ ውጉልኝ» ለሚል ሰው በመጀመሪያ የምንሰጠው ወረቀት ነው። ቅር የተሰኛችሁም አላችሁ። «የራሴ ውሻ አይደለም እንዴ?» ብላችሁናል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳችሁ።

አዎ፣ የራሳችሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤት እንስሳ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ውሻው ጉዳት ቢያደርስ የሚጠየቀውም ባለቤቱ ነው። በዚህ ምክንያት እኛ ያመጣችሁትን እንስሳ ሳታውቁ ለሌላ ሰው መስጠት አንችልም። «ገድለነዋል» ብለን በጓሮ በር ማስወጣትማ ጭራሽ አይታሰብም። ምንም ቢያሳዝነን አናደርገውም፤ አደራ ነዋ። ወረቀቱ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ስትፈርሙ ባለቤትነቱን ለክሊኒኩ ታስተላልፋላችሁ፤ እኛም አዲስ ቤት እንፈልግለታለን።

ይህን ከራሳችን ብቻ አላመነጨነውም። በብሪታኒያ ቱክ የተባለ ገና ወጣት፣ ጤነኛ ውሻ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገደለ። መልሶ ሊረከበው የሚችል ድርጅት በማይክሮቺፑ (ከቆዳ ሥር በሚቀበር፣ በመሣሪያ በሚነበብ ትንሽ መለያ) ላይ ተመዝግቦ ነበር፤ ቺፑን ግን ያነበበ አልነበረም። ሰው ተቆጣ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ። በ2021 የአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ተቆጣጣሪ አካል መመሪያውን አሻሻለ። ጤነኛ ውሻ እንዲገድል የተጠየቀ ሐኪም አሁን በቅድሚያ ቺፑን ማንበብ ይጠበቅበታል።

ጀርመን ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ሕግ አላት። እዚያ ውሻን ያለ በቂ ምክንያት መግደል እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕግ ባለቤት የሌለው ውሻ እንኳ በጠና ካልታመመ ወይም አደገኛነቱ ካልተረጋገጠ እንዳይገደል ይከለክላል። በካሊፎርኒያ ሐኪም ቤት የቀረ እንስሳ፣ መወሰድ ከነበረበት ቀን 14 ቀን ካለፈው እንደተተወ ይቆጠራል። ሐኪሙም ቢያንስ 10 ቀን አዲስ ባለቤት ማፈላለግ አለበት። እኛን የሚያስገድደን ባይኖርም ሐሳቡ ልክ ነው ብለን ተቀብለነዋል።

ለመሆኑ ሰው ጤነኛ ውሻውን ለምን ያስገድላል? እኛ እንዳየነው በአብዛኛው ከጭካኔ አይደለም። ግቢ ያለው ቤት ለቆ ኮንዶሚኒየም የሚገባ አለ። ሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሚያዛውረው አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጡት ደግሞ ሴት ውሾች ናቸው፤ ጥፋታቸው መውለድ ብቻ ነው። ይህኛው በማምከን ያልቃል። ቀዶ ጥገናው አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ የቡችላ ጣጣ የለም። እባካችሁ፣ ስለ መርፌው ከማሰባችሁ በፊት ስለዚህ ጠይቁን።

ልባችንን የሚነካው ግን «ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ከሚሰቃይ እኔ ፊት ይሙት» የሚለው ደንበኛ ነው። ይህ ሰው ውሻውን ይወዳል። ፍርሃቱም እውነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ታስሮ፣ ውሃ እንኳ የማያገኝ ውሻ ያላየ ማን አለ? ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቅድመ ሁኔታችሁን የምትጽፉበት ቦታ አለ። «በሰንሰለት አይታሰር» ማለት ትችላላችሁ። «ልጆች ያሉበት ቤት ይሁንለት» ማለትም ትችላላችሁ። ተረካቢው አንብቦ ይፈርማል፣ እኛም ግቢውን ሄደን እናያለን። ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም አልፈርምም ካላችሁ እንስሳውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ጤነኛውን ግን እዚህ አንገድልም።

የማይድን ሕመም ይዞት የሚሰቃይ እንስሳ ጉዳይ ሌላ ነው። መርፌው የተሠራው ለእሱ ነው፣ አናመነታም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ያሳየም አዲስ ቤት አይፈለግለትም። መድኃኒት የለውም፣ ለሰውም ያሰጋል።

ሰው የነከሰ ነገር ግን ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሲኖር ግን አደራ፣ አትቸኩሉ። ውሻው ለ10 ቀን ተለይቶ በጥንቃቄ ይጠበቅ። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ወዲያው ከገደላችሁት ግን ይህን ማወቂያ ታጣላችሁ። የተነከሰው ሰው ግን ውሻውን እያየ አይጠብቅ! ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ያኔውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። እንዲህ ያለ ውሻ ቀኑ ሳይሞላ ለማንም አንሰጥም።

ውሻ በመግደል በሽታው ይጠፋል የሚሉም አሉ። አይጠፋም። የሚያቆመው ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች እንዲከተቡ የሚመክረው ለዚህ ነው። ከእኛ ወደ አዲስ ቤት የሚሄድ ሁሉ ተከትቦ ነው የሚወጣው።

እንስሳ ልታስረክቡ ስትመጡ የክትባት ካርዱን ያዙ። ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ ይምጣ፤ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ መፈረም አይችሉም። በሽምብጥም ሆነ በዓባይ ማዶ፣ በዘንዘልማም ሆነ በመሸንቲ ግቢ ኖሯችሁ ጠባቂ ውሻ የምትፈልጉ ደግሞ ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ስማችሁንና ስልካችሁን መዝገባችን ላይ አስፍሩ። ዕድሜው ገፋ ያለ ውሻ አዲስ ቤት አይለምድም ብላችሁ አትስጉ፤ ጥቂት ሳምንት ታገሡት።

ከአክብሮት ጋር
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ሠራተኞች