ራፕስ የት ሄደች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቶርፔዶ ጀልባዎች፣ ማለት ከውኃ በታች በሚፈነዳ መሣሪያ መርከብ ስለሚመቱ ትንንሽ የጦር ጀልባዎች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ይነበባል። ግን ታሪኩን ከእንግሊዟ «ላይትኒንግ» መጀመራችሁ አልተዋጠልኝም። ከእሷ ሦስት አራት ዓመት ቀድማ፣ በዚያው በቶርኒክሮፍት የመርከብ መሥሪያ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ቺዝዊክ ላይ፣ «ራፕ» የምትባል ጀልባ ለኖርዌይ ባሕር ኃይል ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1873 ማለት ነው። ያኔ ኖርዌይ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ ባሕር ኃይሏ ግን የራሷ ነው። ትንሽ አገር ስትሆን መዘለል አይቀርም መሰለኝ።

ራፕ በ14.5 ኖት ፍጥነት ትሄድ ነበር፣ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዛሬ ተራ የሞተር ጀልባ ጥሏት ይሄዳል፤ ያኔ ግን በከሰልና በእንፋሎት ይህን ያህል የምትሮጥ ጀልባ ብርቅ ነበረች። ለእኔ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ጀልባዋ ተሠርታ አልቃ፣ በምን እንደምትዋጋ ገና አልለየለትም ነበር!

መጀመሪያ የታሰበላት የዘንግ ቶርፔዶ ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ፈንጂ ታስራለህ፣ ዘንጉን ወደ ፊት ትዘረጋለህ፣ ከዚያ ጥይት እየወረደብህ የጠላት መርከብ ጎን ድረስ ሄደህ ከውኃ በታች ትወጋበታለህ። ሲፈነዳ አንተም የራቅከው የዘንጉን ርዝመት ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ካሺንግ የሚባል መኮንን «አልበማርል» የተባለችውን የጦር መርከብ እንዲህ አሰጠማት፤ የራሱ ጀልባም እዚያው ቀረች። በዚያው ዓመት «ሀውሳቶኒክ» የተባለችውን የጦር መርከብ የመታችው ሰርጓጅ መርከብ «ሀንሊ» ደግሞ ከነሰዎቿ ሳትመለስ ቀረች። ጀግንነት ነው ብትሉኝ እስማማለሁ፣ ባሕር ኃይል ግን በዚህ አይዘልቅም።

ቀጥሎ ራፕ ላይ በገመድ የሚጎተት ቶርፔዶ ተሞከረ። ይኸኛው ከዘንጉ ቢሻልም፣ ፈንጂውን እየጎተቱ ጠላት አፍንጫ ሥር ማለፍ ነው፣ ያውም የራስን ገመድ ጀልባዋን ከሚገፋው መዘውር (ፕሮፔለር) እየጠበቁ። እሱም አልዘለቀም።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1879 የዋይትሄድ ቶርፔዶ ማስወንጨፊያ ተገጠመላት። ዋይትሄድ አሁን ሪየካ በምትባለው በፊዩሜ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። የእሱ ቶርፔዶ በታመቀ አየር ኃይል ውኃ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጓዛል፣ ጥልቀቱንም የውኃ ግፊት በሚለካ መሣሪያና በፔንዱለም ይጠብቃል። እንግዲህ ነገሩ የተቀየረው እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ጀልባ ከርቀት ተኩሳ መሸሽ ቻለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1878 የሩሲያ ጀልባዎች በጥቁር ባሕር ወደብ ባቱሚ ላይ «ኢንቲባህ» የተባለችውን የቱርክ መርከብ በዚሁ መሣሪያ አስጥመው ስለነበር፣ ኖርዌዮቹ ራፕን ሲቀይሩ ይሠራ ይሆን የሚል ጥያቄ አልነበረባቸውም። በዚያ ላይ የኖርዌይን ባሕር ዳርቻ አስቡት። ፊዮርድ (ወደ የብስ ጠልቆ የሚገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) በፊዮርድ፣ ደሴት በደሴት ነው። ለማድፈጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? የትልልቆቹን መንግሥታት ብረት ለበስ መርከቦች በቁጥር መወዳደር ለማይችል አገር ርካሽና ፈጣን ጀልባ ያዋጣል።

ላይትኒንግ የዋይትሄድን ቶርፔዶ ቀድማ ታጥቃለች፣ ያንን ማንም አይነጥቃትም። «ቶርፔዶ ጀልባ የተጀመረው በእሷ ነው» ማለት ግን ትክክል አይደለም፤ በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ጥሩ ነው። ፎቶም ካማራችሁ፣ ላይትኒንግ እ.ኤ.አ. በ1896 ፈርሳለች። ራፕ ግን እስከ 1920 በባሕር ኃይሉ መዝገብ ቆይታ፣ አሁን ሆርተን ከተማ የኖርዌይ ባሕር ኃይል ሙዚየም ውስጥ አለች።

ከአንባቢያችሁ