ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ የበረራ ሰዓት አይገኝም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው ቅዳሜ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ከቶኪዮ እስከ ኒውዮርክ ያለው ርቀት 10,850 ኪሎ ሜትር፣ በረራውም 12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። 46ቷ ደቂቃ ከየት መጣች ብዬ እርሳስ አነሳሁ። 10,850ን ለአውሮፕላን ፍጥነት፣ በሰዓት ለ850 ኪሎ ሜትር፣ ሳካፍለው ቁልጭ ብላ ወጣች። ርቀቱ ልክ ነው። የተሳሳታችሁት ማካፈሉ ላይና አብሮ በወጣው ካርታ ላይ ነው።

31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በካርታችሁ ላይ መስመሩ ፓሲፊክን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል። በዚያ መስመር የሄደ አውሮፕላን 12,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ራሳችሁ ከጻፋችሁት ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ተማሪዎቼን ሉል ላይ ክር አስወጥራቸው ነበር። አንዱን ጫፍ ቶኪዮ፣ ሌላውን ኒውዮርክ ላይ ይዘው ሲስቡት ክሩ ሽቅብ ይሸሽና አላስካ ላይ ያርፋል፤ አጭሩ መንገድ፣ የእናንተም 10,850፣ ይኸው ነው። በየዓመቱ ታዲያ «ተንሸራተተብኝ» ብሎ ወደ ታች ሊመልሰው የሚታገል አንድ ልጅ አይጠፋም።

ልጄ ቶኪዮ ትማራለች። ባለፈው ጥር ኒውዮርክ ደርሳ ስትመጣ ክሩን በዓይኗ ልታረጋግጥልኝ ቃል ገብታ ነበር። ስትሄድ ፊት ለፊቷ ያለው ስክሪን አውሮፕላኑን ከአላስካ በታች፣ ውቅያኖሱ ላይ ያሳያታል። «አባዬ፣ ክርህ የት ገባ?» ብላ ጻፈችልኝ። እዚህ ላይ ለእናንተም ጥቂት ልፍረድላችሁ፦ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ መንገዱ አንዳንዴ ወደ ካርታችሁ መስመር ይጠጋል።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግሰው ጄት ስትሪም በሰሜኑ የብርድ ወራት ጃፓን አካባቢ እጅግ ይበረታል። ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱት እሱን ከኋላ ለማግኘት ሲሉ መንገዱን ያስረዝማሉ፤ የሚመለሱት ይሸሹታል። (ይህን ነፋስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ ነው። ዓለም እንዲያነብለት ብሎ ግኝቱን ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው ቋንቋ፣ በኤስፔራንቶ፣ አሳተመው፤ ዓለም ግን ኤስፔራንቶ አያነብም ነበር።) ልጄም ስትመለስ የአላስካን በረዶ በመስኮት አየች። ሲሄድ 12 ሰዓት ተኩል የፈጀው መንገድ ሲመለስ 14 ሰዓት ከሩብ ወሰደባት። ይህ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሣ ጀምሮ እስኪቆም ነው፤ መሬት ላይ የሚያኮበኩብበትን ደቂቃ የእናንተ ስሌት ጭራሽ አያውቀውም።

ነፋስ ብቻም አይደለም። ከፊንላንዷ ሄልሲንኪ እስከ ቶኪዮ 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ። ከተሞቹ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

እንግዲህ ሌላ ጊዜ የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ለየብቻ አውጡልን፤ «ገደማ» የምትለዋን ቃልም አትንፈጉን። ለካርታው ደግሞ ክሩ እኔ ዘንድ አለ፤ ሉል ግን ከእናንተ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር