ይድረስ ለቀድሞው ድንክ ተዋጊ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ፣ «ከከተማ ወጥተህ ገበሬ ልትሆን ነው» ብለህ በሳቅህበት በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ምክንያት ልደረድር ጀምሬ ሁለት ወረቀት ስለቀደድሁ በዚሁ ይለፈኝ።

የጻፍሁልህ ስለ ቅዳሜው ጠረጴዛችን ነው፤ እያንዳንዳችን የአንድ ምናባዊ ጀግና ሚና ይዘን በዳይስና በወረቀት ታሪክ ስለምንጫወትበት ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከታችኛው ብሎክ አንድ ወጣት «ምንድን ነው የምትጫወቱት?» ብሎ መጣ። በደስታ ባዶ የገጸ ባሕርይ ቅጽና እርሳስ ሰጥቼ ሙላ አልሁት። እኛ ያንኑ የሰካራሙን ጠንቋይ ቀልድ እያነሣን ስንስቅ፣ እሱ የማያውቀውን ቀልድ በትሕትና ፈገግ እያለ ሰማ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ «እኔ የምጥለው መቼ ነው?» ብሎ ባለ 20 ጎኑን ዳይስ በጣቱ አገላብጦ መልሶ አስቀመጠው፤ ጥቂት ቆይቶም እናቴ ጠራችኝ ብሎ ሄደ። ጠረጴዛውን ሳነሣ ቅጹን አየሁት፤ የተሞላው የስም ቦታ ብቻ ነበር፣ የጻፈውም የራሱን ስም ነው።

አንተ ትዝ ያልኸኝ ያን ጊዜ ነው። ከአባትህ ሐዘን በኋላ የተመለስህ ዕለት እኛ 9ኛ ደረጃ ደርሰን የአንተ ገጸ ባሕርይ፣ ድንኩ ተዋጊ፣ በ3ኛ ቀርቶ ነበር፤ የጨዋታው መሪ እኔ ነበርሁና «ትደርስብናለህ» ብዬ አስገባሁህ፣ ስምንት ዳይስ የሚጣልበትን የእሳት ኳስ በመካከላችሁ አፈነዳሁ። ሌሎቹ ቆስለው ሲተርፉ አንተ በአንድ ምት ወደቅህ። ሳቅህ፣ ጃኬትህን ለበስህ፣ ወጣህ። እኔም ሕግ አላጓደልሁም እያልሁ ራሴን ሳጽናና ከረምሁ፤ አሁን እንኳ «የማምለጫውን ዳይስ የጣልኸው አንተው ነህ እኮ» የሚለው አፌ ላይ ይመጣል፣ ተወው።

የተደራጀ ጨዋታ የሚያካሂዱ ሰዎች ይህን ችግር ከእኛ በፊት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ጋር የተጀመረው አድቬንቸረርስ ሊግ የተባለው መርሐ ግብር ጠረጴዛዎችን በገጸ ባሕርያቱ ደረጃ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 10 እያለ ስለሚከፍል 3ኛ ደረጃ ከ9ኛ ጋር አይቀመጥም፤ ብዙዎቹ ጀብዱዎችም በጥቂት ሰዓት ተጀምረው የሚያልቁ በመሆናቸው ወር የቀረ ሰው ያመለጠው ታሪክ እንጂ ቦታው አይደለም። እኛ ግን አንድ ዘመቻ፣ ያንኑ አንድ ቀጣይ ታሪክ፣ ለዓመታት ስንጎትት ኖርን። እናቴ እንኳ ለቶና የደረሰን ሰው አቦል አምልጦሃል ብላ አትመልስም፤ ሲኒ ታለቀልቅለታለች።

አሁን የተዘጋጁ አምስት ገጸ ባሕርያት እያንዳንዳቸውን በአንድ ገጽ ጽፌያለሁ፤ አዲስ ሰው አንዱን መርጦ ይቀመጣል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላም ዳይስ ይጥላል። በነጻ የተለቀቀው የጨዋታው ሕግ ሰነድ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ስለሆነ «አንብበህ ና» ማለት ማባረር ነው። የከበደኝ የተመላሹ ጉዳይ ነው፤ አዲሱ አላውቅም ለማለት አያፍርም፣ ድሮ ያውቅ የነበረው ግን ረሳሁ ከማለት መቅረትን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ነገር ነካክቷል፤ የጥንካሬ ጭማሪ አሁን የሚመጣው ከድንክነት ሳይሆን ገጸ ባሕርይው ቀድሞ ከነበረው ሙያ ነው፣ በድንክነትህ ስትፎክር ለኖርኸው ለአንተ መርዶ ነው። ስለዚህ ተመላሽ በመጣበት ቀን ከጠረጴዛው እኩል ደረጃ እንዲይዝ፣ የተለወጠውንም ሕግ ተራው ሲደርስ ጎኑ ያለው ሰው እንዲነግረው ወስነናል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውልህ፤ ለመናገርም አፍሬ እስከዚህ አዘገየሁት። የአዲሶቹን ጠረጴዛ አንተ ምራልኝ። እኔ ሕግ መጥቀስ ስጀምር የሰው ዓይን ሲፈዝ አያለሁ፣ ግን አላቆምም፤ አንተ ግን እንግዳ ሆኖ መቀመጥን ታውቀዋለህ። ያን ልጅ ደረጃው ላይ አግኝቼ ለመጪው ቅዳሜ ጠርቼው «እስቲ አያለሁ» ብሎኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት እንጀምራለን፤ ከአያት ታክሲ ታገኛለህ፣ ሳይመሽም እንበተናለን።

የድንክህ ወረቀት እኔ ዘንድ ነው። በሕይወት ነጥቡ ቦታ የጻፍሁትን ዜሮ አጥፍቼዋለሁ፤ ወረቀቱ በላጲሱ ትንሽ ሳስቷል።