ሦስት ኤሊዎች በደብረ ብርሃን ብርድ
የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባት ዘገባ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ግቢው ጸዳ፣ በሰልፍ ላይ ግጥም ተነበበ። ዘንድሮም ችግኝ ተክለናል፣ ግቢ አጽድተናል፣ ግጥሙም አልቀረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የክበባችንን ዓመት ጠቅልለው የወሰዱት ሦስት ኤሊዎች ናቸው። ስለዚህ ስለ እነሱ ልጻፍ።

ኤሊዎቹ የዚህ አገር ልጆች አይደሉም። ሁለቱ ከቆላ ተይዘው፣ መንገድ ዳር ተሸጠው፣ በመኪና ተጭነው ወደ ደብረ ብርሃን የወጡ ናቸው። ሦስተኛዋ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም፤ ያደገችው ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው። የሚገዛቸው ሰው ክፋት ኖሮት አይደለም። ልጆቹ ይጫወቱባቸዋል፣ እንግዳ ያያቸዋል። ከዚያ ኤሊዋ መብላት ትተዋለች፣ ሰዉም ይሰለቻል። ጥቅምት ላይ ወላጆች «እባካችሁ እናንተ ዘንድ ይሁኑ» ብለው ይዘዋቸው መጡ። ዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ መጀመሪያ ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች አሳወቅን። እነሱም ቦታ እስኪገኝ ድረስ በጊዜያዊነት እንድናቆያቸው ተስማሙ።

ለክበቡ ተማሪዎች ስም አታውጡላቸው ብዬ ነበር፤ ስም የወጣለት እንስሳ ለመሸኘት ይከብዳል። ማን ሰምቶኝ! ወዲያው ትልቁ ወንድ «ሻምበል»፣ ዝምተኛዋ «እማሆይ»፣ ትንሿ ደግሞ «ሚጢጢ» ተባሉ።

ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሳይንሱ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ ይላቸዋል። ጀርባቸው ጥቁርና ቢጫ ዥጉርጉር ስለሆነ ስማቸው ከነብር ጋር የተያያዘ ነው። ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሣራማና ቁጥቋጦ በሞላበት አገር ይኖራሉ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት ከተማ የቆላ ኤሊ ማኖር ቀልድ አይደለም። ኤሊ እንደኛ የራሷን የሰውነት ሙቀት አታመነጭም። ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከአየሩ ነው የምትወስደው። ሰውነቷ ካልሞቀ የበላችው አይፈጭላትም፣ በሽታም መቋቋም አትችልም። አንዳንድ የአውሮፓና የእስያ ኤሊዎች የብርዱን ወራት ተኝተው ያሳልፋሉ። የኛዎቹ ግን ያንን አያውቁበትም።

ተማሪዎቻችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጆች ናቸውና የመጀመሪያው ሐሳብ ምን እንደነበር መገመት ቀላል ነው። «ቲቸር፣ ብርድ ልብስ እናልብሳቸው?» ከመልስ ሙከራ ይሻላል ብለን ሁለት ሃይላንድ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላን። አንዱን በብርድ ልብስ ጠቀለልን፣ ሌላውን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተውነው። ረፋድ ላይ በቴርሞሜትር ሲለካ ራቁቱ ሞቋል፣ የተጠቀለለው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን ብቻ ይይዛል። የሚይዘው ከሌለ ደግሞ ቅዝቃዜውንም ይዞ ይቆያል። እኔ በሰሌዳ ላይ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ሙቀት የሚሠራ ነገር ፈለግን። ከአስተዳደሩ አሮጌውን የዕቃ ግምጃ ቤት ጠይቀን ተሰጠን። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ነው፤ ጥሩ ነው። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው፤ ከሆድ በኩል ሙቀት ይሰርቃል። ጣውላ አነጠፍንና በላዩ ድርቆሽ ደለደልን። አምፖሉ ነው ያስቸገረን። ድሮ በየሱቁ የነበረው ባለክር አምፖል ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱ ይበልጣል፤ ሰው የጣለውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ሱቁ ሁሉ ኤል ኢ ዲ ሆኗል። ኤል ኢ ዲ ቀኑን ሙሉ ቢበራ ኤሊ አያሞቅም። በመጨረሻ የዶሮ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ የጫጩት ማሞቂያ መብራት አገኘን። ድርቆሹ ላይ ወድቆ እሳት እንዳያስነሣ በገመድ ሳይሆን በሰንሰለት ሰቀልነው፣ ያውም ክፍሉ አንድ ጥግ ላይ ብቻ። ከመብራቱ ሥር ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ በወዲያኛው ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል። ኤሊዋ ሲበርዳት ትጠጋለች፣ ሲሞቃት ትርቃለች። ምርጫውን ለራሷ መተው ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱ ካፌ እናቶች ውኃ አፍልተው በጀሪካን ይሰጡናል። ጀሪካኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከኤሊዎቹ ጎን እናስቀምጣለን። ብርድ ልብሱ እዚህ ላይ ሥራ አገኘ። ከሰል እናንድድ ያሉ ነበሩ፤ ይህን ግን በፍጹም አልፈቀድኩም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ የሚገድለው ኤሊን ብቻ አይደለም።

ለቀን ቀን የሚሆን ደጅም አስፈለገ። የሽቦ አጥር ርካሽ ነበር። ይሁንና ኤሊ ወዲያ ማዶ የሚታያትን ሁሉ መሄጃ አድርጋ ነው የምታየው። ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን ሽቦው ላይ ስታሽ ትውላለች። ማዶው የማይታይ ግድግዳ ሲሆን ግን ትንሽ ትዞርና ትተወዋለች። ድንጋይ ደግሞ እዚህ አገር ሞልቷል፣ ካብ የሚያውቅ እጅም አልጠፋም። የአንድ ተማሪያችን አባት የመንዝ ሰው ናቸው። ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየመረጡ ከጉልበት ከፍ ያለ ካብ ሠሩልን። ልጆቹ ድንጋይ እያቀበሉ ዋሉ። ካቡ ሌላም ጥቅም አመጣ። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። እማሆይ ከአሥር ሰዓት በኋላ የምትገኘው እዚያው ሥር ተለጥፋ ነው።

ፀሐይዋ ለሙቀት ብቻ አይደለም። ሚጢጢ ስትመጣ ቅርፊቷ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ሲነካ ገባ ይል ነበር። አጥንቷ ካልሲየም አልያዘም ማለት ነው። ካልሲየም እንዲሠራ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚያርፍ አልትራቫዮሌት ጨረር ይፈልጋል። እናቶቻችን ሕፃን ፀሐይ እንደሚያሞቁት ሁሉ እሷም ፀሐይ መሞቅ ነበረባት። መስኮት ሥር ማስቀመጥ አይበቃም፤ መስታወት ሙቀቱን እንጂ ያንን ጨረር አያሳልፍም። የደጋ ፀሐይ ለዚህ ሲሆን ደግ ናት። በበጋው በየቀኑ ረፋድ ላይ ትወጣለች፣ የምትጠለልበት ጥላም አጠገቧ አለ። የእንቁላል ቅርፊት ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ሣሯ ላይ እንነሰንሳለን። በዱር ያሉት ይህን እንዴት ያገኛሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አጥንት ይግጣሉ። የጅብ ኩስም ይበላሉ፤ ጅብ አጥንት ስለሚሰለቅጥ ኩሱ ካልሲየም ነው። ይህን በተናገርኩበት ቀን ክፍሉ ጸጥ ለማለት ጊዜ ወሰደበት። ካቡ ሥር የጅብ ኩስ ይዘው የመጡ የ7ኛ ክፍል ልጆችም ነበሩ። መልሰናቸዋል።

ሻምበል ሲመጣ ከጀርባው የኋላ ጫፍ ላይ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ ነበረው፤ ገመድ የሚታሰርበት። ብዙ ሰው የኤሊ ቅርፊት ስሜት የሌለው ይመስለዋል። ላዩ ስስ ሽፋን ነው፣ ሥሩ ግን አጥንት ነው። አከርካሪውና ጎድኑ ከቅርፊቱ ጋር ተጋጥመው ያደጉ ናቸው። ደምም ነርቭም አለው። ቀዳዳው ዙሪያውን ጠቁሮ ይሸት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ በቀጠነ አዮዲን እያጠቡ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በጎዝ ሸፈኑት። መዥገሮቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀሙ። «እንደ በጎቹ አይቨርሜክቲን ይወጋና ይገላገል» ያለ ሰው ነበር። ሐኪሙ አሻፈረኝ አሉ። በግን ከጥገኛ ተሕዋስያን የሚገላግለው ይህ መድኃኒት ኤሊን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ይህን እዚህ የምጽፈው ቤታቸው ኤሊ ያላቸው አንባቢዎች እንደማይጠፉ ስለምገምት ነው።

ለልጆቹ ከሁሉ የከበዳቸው ድንጋይ ማመላለሱ አልነበረም፤ እጅን መሰብሰቡ ነው እንጂ። አዲስ ቦታ የመጣ ኤሊ ፈርቷል። ሲነሣ፣ ሲገለበጥ፣ ሰልፊ ሲነሡበት ይብሱን ይደነግጣል። ደንብ አወጣን። ከካቡ ውጭ ሆኖ ማየት፣ ደብተር ላይ መጻፍ፣ አለመንካት። የሚነካው ተረኛው ብቻ ነው፤ ያውም ለሚዛንና ለመታጠቢያ። ከዚያ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ልጆቹ ተነጫነጩ። «ታዲያ ክበቡ ምን ሊሠራ ነው?» ያለም ነበር። ክበቡ የሚሠራው ይኸው ነበር።

መታጠቢያው ቀላል ነው። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውኃ እስከ አገጫቸው። ራሳቸውን ነክረው ረጅም ጊዜ ይጠጣሉ። ውኃው ውስጥ ነጭ የኖራ ሊጥ የመሰለ ነገር ሲወጣ ልጆቹ ደነገጡ። ሽንታቸው ነው፤ ውኃ ለመቆጠብ እንዲያ አድርገው ነው የሚያስወግዱት። ነጩ ነገር ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፣ አሸዋ አሸዋ ካለ ግን ውኃ ጠምቷቸዋል ማለት ነው።

ምግቡ ሣር ነው። እንጀራም ዳቦም አይሆንም። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚያስርባቸው ትተነዋል፣ ጎመንም በየቀኑ አይሰጥም። ሣር፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ማገጥ፣ ከቆላ የሚመጣ ወላጅ ሲገኝ እሾሁ የተጠበሰ በለስ። እማሆይ ብዙ ቀን ምንም አልቀመሰችም። አንድ ረፋድ ተረኛዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከካቡ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ስትጽፍ፣ እማሆይ አንገቷን አስረዘመች። ማገጡን አሸተተች። አፏን ከፍታ ሳተችው። እንደገና ሞከረችና አበባውን ነጥቃ አኘከች፤ ወይን ጠጁ አበባ ከአፏ ጥግ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጅቷ አልጮኸችም። ደብተሯ ላይ «በላች!!!» ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለች፤ ደብተሩ ክበቡ ቢሮ አለ።

ታኅሣሥ ላይ ሻምበል ታመመ። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት አፍንጫው ላይ አረፋ ታየ፣ አፉንም ከፍቶ ይተነፍስ ጀመር። የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሰጡት፣ እኛም ሙቀቱን ከፍ አደረግን። መድኃኒቱም ያለ ሙቀት አይሠራም ነበር። ዳነ። ለእኔ ግን ነገሩ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ይህ ከተማ ለኤሊ አይሆንም፤ ምንም ያህል ብንወዳቸው። የክበቡ ሥራ ተሳካ የሚባለው ኤሊዎቹ ከእጃችን ሲወጡ ነው።

ሚያዝያ ላይ መንገዱም ተመቸ፣ ባለሙያዎቹም በቆላው በኩል የተከለለ ቦታ አዘጋጁ። ዝም ብሎ ጫካ መልቀቅ አይቻልም። የትውልድ ቦታቸው በውል አይታወቅም፣ እዚህ የያዙትን በሽታ ለዱሮቹ ሊያስተላልፉም ይችላሉ። ከመንገድ በፊት ውኃ አጠጣናቸው፤ ኤሊ ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ውኃ ትለቃለችና። ቀዳዳ ያለው ሣጥን፣ ድርቆሽ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ። ብርዳሙን ጣርማ በርን በእኩለ ቀን እንድናልፍ ነው። ያም ሆኖ ጉሙ ጠበቀን። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ልጆቹ ሹራባቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ ነበር። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሣጥኑ ሲከፈት ሻምበል ወዲያው መራመድ ጀመረ። እማሆይ እንደ ልማዷ አሰበችበት።

ቀሪውን ሥራ ባጭሩ። በክረምቱ የተተከሉት የጽድና የኮሶ ችግኞች ከውርጭ በሣር ክዳን ተጠብቀዋል፤ ከበግ ግን ሁሉንም ማዳን አልተቻለም። ወደ መንዝ ጓሳ ሊደረግ የታሰበው ጉዞ ለከርሞ ተላልፏል።

ሚጢጢ አልሄደችም። ቅርፊቷ እየጠነከረ ነው፣ ግን ገና ነው፤ ሐኪሙ ከክረምቱ በኋላ ይታይ ብለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስለሌለ ፈተናው ያኔ ነው። በአካባቢው የሚቀሩ ተማሪዎች ተራ ተመድበዋል፤ ዝርዝሩ ክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ቤቱ ውስጥ የድሮው ባለክር አምፖል የተረፈው ወላጅ ካለ በደስታ እንቀበላለን። 60 ዋትም ይሁን 100፣ ችግር የለውም። ኤል ኢ ዲ ግን አታምጡብን።