ስለ ሕዝብ መሬት ለማዕድን አውጪዎች መሸጥ ለአባላት የተላከ መልእክት

ውድ አባላት፣

በኔቫዳ በረሃ በእግር ጉዟችን ስላየናቸው አፋቸው ክፍት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። የማዕድን ይዞታ ድንበር ምልክቶች ናቸው፤ ጎጆ ፍለጋ የገቡ ወፎች መውጫ አጥተው ስለሚሞቱባቸው ግዛቲቱ ክፍት ቱቦ መትከልን ከልክላለች።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል የማዕድን ሕግ፣ ማዕድን ያገኘ ሰው የሕዝብን መሬት በኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) 2.50 ወይም 5 ዶላር ከፍሎ የግሉ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። በዚሁ ሕግ በ1994 ወደ 790 ሄክታር የሚጠጋ የኔቫዳ መሬት፣ ከሥሩ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ወርቅ እያለ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ክፍያ ለአንድ ኩባንያ ተላልፏል፤ የፈረሙት የአገር ውስጥ ጉዳዮች ሚኒስትር ብሩስ ባቢትም ፍርድ ቤት አስገድዷቸው እንጂ ወደው አልነበረም። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት አዲስ ማመልከቻ እንዳይስተናገድ ቢያግድም፣ እገዳው በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር የሚታደስ አንቀጽ እንጂ ቋሚ ሕግ አይደለም፤ በ2005 አንዳንድ የኮንግረሱ አባላት ሊያነሡት ሞክረውም ነበር።

ስለሆነም የዘንድሮው በጀት ከመጽደቁ በፊት እገዳው እንዲታደስ ለየአካባቢያችሁ የምክር ቤት ተወካዮች እንድትጽፉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ረቂቅ ደብዳቤው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በጸሐፊው እጅ ይገኛል።