ክፍል ውስጥ ስለሚያዳምጡ ሰዓቶች፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንዳንድ ወላጆች ክፍል ውስጥ የተባለውን ቃል በቃል ይዘው ቢሮዬ ይመጣሉ። ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደተቆጣ ሁሉ ያውቃሉ። የነገራቸው ልጁ አይደለም። እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ለልጆች ተብለው የሚሸጡ፣ ሲም ካርድ የሚገባባቸው ሰዓቶች አሉ። ብዙዎቹ ልጁ የት እንዳለ ብቻ አይደለም የሚናገሩት። ወላጅ ስልኩ ላይ ያለውን አፕ ነካ ያደርጋል ወይም አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ሰዓቱ ሳይጮህ፣ ሳይበራ መልሶ ይደውላል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የሚወራው ሁሉ ወላጁ ጋ ይደርሳል። ልጁ አያውቅም፣ መምህሯ አታውቅም፣ አጠገቡ የተቀመጠችውም አታውቅም።

ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ትንሽ ልጅን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ መዋል ቀላል አይደለም። «ይመቱት ይሆን? ይሰድቡት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሥራ አያሠራም። ግን ሰዓቱ የሚያዳምጠው የእናንተን ልጅ ብቻ አይደለም። አንዱ ተማሪ እቤቱ ስላለው ጠብ ለመምህሩ በሹክሹክታ ይነግራል። ሌላዋ የወር አበባዋ ድንገት መጥቶባት ጓደኛዋን «ምን ላድርግ?» ትላለች። ይህን ሁሉ የማያውቁት ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው። የእነዚህ ልጆች ወላጆች ፈቃድ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ላይ የልጅም የግል ሕይወት ሊጠበቅ እንደሚገባ ይደነግጋል።

ጣጣው የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በድብቅ ማዳመጥ የሚያስችሉ የልጆች ሰዓቶች እንዳይሸጡ አግዷል። ወላጆች መምህራንን ክፍል ውስጥ ለማዳመጥ እንደሚጠቀሙባቸው ያኔ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ኬይላ የምትባል የምታወራ አሻንጉሊትም ታግዳለች። አሻንጉሊት በስለላ መሣሪያነት!

አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሞስኮ ውስጥ የሶቪየት ታዳጊዎች ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቨረል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ብሔራዊ ዓርማ ሰጡ። ዓርማው አምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ውስጡ ማዳመጫ ነበረበት። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነው የሚሠራው። እስከ 1952 ድረስ ማንም አላገኘውም። ልጅ ይዞት የመጣውን ስጦታ ማን ይጠረጥራል? ምሳሌው በዛብኝ ትሉ ይሆናል። መምህራኖቼ ግን ልጁ ሰዓቱን አስሮ ሲገባ እንደዚያው ነው የሚሰማቸው።

ውጤቱንም እያየሁት ነው። ሰው ያዳምጠኛል ብሎ የሚሰጋ መምህር ቀልድ ይተዋል። ተማሪውን ጠጋ ብሎ «ምን ሆነሃል?» አይልም። መጽሐፉን አንብቦ ይወጣል። ልጁም ነገሩን የደረሰበት ቀን ሰዓቱን ፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ሥር መቅበር ይለምዳል። ያኔ የእውነት ሲቸገር ለእናንተ ይናገራል ብላችሁ አትጠብቁ።

በነገራችን ላይ ልጆቹም እኛን ያዳምጡናል። ኮሊን ቼሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰው በብዙ ድምፅ መሐል አንዱን መርጦ እንዴት እንደሚሰማ አጠና። በ1959 ደግሞ ኔቪል ሞሬይ አንድ ነገር ጨመረ፦ ሰዎች ችላ በሉት በተባሉት ድምፅ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሰምቶታል። ስለዚህ ልጃችሁ ካርቱን ላይ አፍጦ ስላያችሁት አልሰማም አትበሉ። በስልክ ስታወሩ ደግሞ የሚሰማው የአንድ ወገኑን ብቻ ነው። የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሰኞ ጠዋት ክፍል የሚደርሰው ልጁ የሞላው ነው። እነማን ሊፋቱ እንደሆነ፣ የትኛው መምህር «እንደማይረባ» ከዚያ ነው የምንሰማው።

ወደ ውሳኔው ልግባ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የማዳመጥ አገልግሎቱ ያልተዘጋ ሰዓት ክፍል አይገባም። ጠዋት የክፍል ኃላፊ መምህሩ ይረከባል፣ ሲወጡ ይመልሳል። ብዙዎቹ ሰዓቶች በትምህርት ሰዓት ጥሪ የሚዘጋ ማስተካከያ አላቸው። ከጠፋችሁ አምጡልን፣ አብረን እንፈልገዋለን። ልጁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን አገልግሎት አንቃወምም። ስልክም ቢሆን በዚሁ ደንብ ይገዛል።

ማዳመጥ ከፈለጋችሁ በበሩ ግቡ። ዘወትር ረቡዕ ጠዋት ማንኛውም ወላጅ ክፍል ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት ለቢሮ ብቻ ንገሩን። ልጃችሁ ተመቷል ወይም ተሰድቧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ረቡዕን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን እኔ ጋ ኑ። ልጁንም፣ መምህሩንም፣ እናንተንም አስቀምጬ አነጋግራለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ በልጃችሁ እጅ ላኩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር